ዓይኔ ላይ ሥጋ የበቀለው ኦዞን ስለተቀደደ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ሥራዬ ግንበኝነት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቀኝ ዓይኔ፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ ቀይ ሥጋ በቅሎ ወደ ጥቁሩ እየሄደ ነው። ይቆረቁረኛል፣ ነፋስና አቧራ ሲሆን ያስለቅሰኛል። ጓደኛዬ ከፋርማሲ የገዛልኝን ጠብታ ሳደርግ ቅላቱ ይጠፋል፣ ስተወው ይመለሳል። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እሷም ዓይኗ ሁሌ እንደቀላ ነው፣ ሳልም አለባት። ልጃችን ትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ «ኦዞን ስለተቀደደ ነው፤ የጎንደር ፀሐይ የከረረችውም ለዚያ ነው» ይለናል። እውነት ነው? ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ግማሹን አግኝቶታል። ለሥጋው መብቀል ፀሐይ ትልቅ እጅ አለበት። ኦዞኑን ግን በከንቱ ነው የወነጀለው።

ኦዞን ጋዝ ነው፤ በብዛት የሚገኘው ከምድር ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር፣ በተለይ ክፉ ክፉውን፣ እዚያው ያስቀርልናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሞሊና እና ሮላንድ የሚባሉ ኬሚስቶች በፍሪጅና በስፕሬይ ውስጥ የነበረው ሲኤፍሲ የተባለ ጋዝ እዚያ ሲደርስ ክሎሪን እየለቀቀ ኦዞኑን እንደሚያጠፋው አስጠነቀቁ። በ1985 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ ክፉኛ ሳስቶ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። «ቀዳዳው» የሚባለው እሱ ነው። ያለው ደቡብ ዋልታ ላይ ነው እንጂ ጎንደር ላይ አይደለም፤ እዚያም ቢሆን በየዓመቱ ከነሐሴ አካባቢ ጀምሮ ሳስቶ በኅዳር ታኅሣሥ ገደማ ይጠግጋል። በእኛ በሞቃታማው የምድር ወገብ ቀበቶ ላይ ኦዞኑ ድሮም በተፈጥሮው ሳሳ ያለ ነው፤ በአፄ ፋሲል ዘመንም እንደዚሁ ነበር። በሲኤፍሲ ምክንያት እዚህ የመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ደግሞ ይሄ ነገር ዓለም ተስማምቶ ከሠራቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፣ ኢትዮጵያም ኋላ ገባችበት፣ ሲኤፍሲ ከገበያ ወጣ። በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ፣ ከዋልታዎቹ ውጭ እስከ 2040 ገደማ፣ አንታርክቲካ ላይ እስከ 2066 ገደማ ኦዞኑ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል ይላል። (አሮጌ ፍሪጅ ሲጠግን ጋዙን ፉስ አድርጎ ወደ አየር የሚለቅ ሰው ካወቁ ግን ይቆጡልኝ።) የዓለም ሙቀት መጨመርም ቢሆን ዋናው ምክንያቱ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከኦዞኑ «ቀዳዳ» የገባ ሙቀት አይደለም።

ታዲያ የጎንደር ፀሐይ ለምን ትከራለች? አንደኛ ከፍታው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሰው ሙቀትንና ጨረርን አንድ ያደርጋቸዋል። መተማ ወርደው ላብ ሲያጠምቅዎ ፀሐዩ የባሰ ይመስልዎታል፤ ለዓይን ግን ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደባርቅ ላይ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠው ሰው የባሰ ጨረር ያገኘዋል። ብርዱ ነው የሚያታልለው። ሁለተኛ፣ በሚያዝያ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ነሐሴ ላይም ትመለሳለች፣ ያኔ ግን ደመናው ትንሽ ይጋርደናል። ሦስተኛው ሥራዎ ነው። ግንበኛ ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው፣ አሸዋው ደግሞ ጨረሩን ከታች መልሶ ይልካል፣ ከዚያ ላይ የሲሚንቶ ብናኝና ነፋስ አለ። ጥቁር ቆዳችን ከፀሐይ ብዙ ይከላከልልናል፤ ዓይናችን ግን ያ ጥቅም የለውም።

በዓይንዎ የበቀለው፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ቴሪጂየም የሚባለው ነው። ካንሰር አይደለም፣ አይደንግጡ፤ ግን መታየት አለበት፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ዓይን አይመረመርም። ጥቁሩን አልፎ ወደ ብሌኑ ካልተጠጋ ብዙ ጊዜ በእንባ መሰል ማለስለሻ ጠብታና ከፀሐይ በመጠበቅ ይቆያል። እይታ መጋረድ ከጀመረ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ተቆርጦ ብቻ ከተተወ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ከራስዎ ዓይን ስስ ሽፋን ተወስዶ ቦታው ላይ ይለጠፋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል አለ፣ ሩቅ አይሂዱ።

ያ ጠብታ ግን በጣም አሳስቦኛል። ቅላቱን ቶሎ የሚያጠፋ ጠብታ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ወይም የዚያ ዘመድ ነው። ያለ ሐኪም ለወራት ሲደረግ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ያመጣል፣ ሞራም ያስከትላል። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም። ዛሬውኑ ያቁሙትና ብልቃጡን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ግፊትዎም ይለካ።

ለፀሐዩ፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ያድርጉ፤ ኬፕ ጎንን አይጋርድም። መነጽር ሲገዙ ጥቁረቱን ሳይሆን «ዩቪ 400» (UV 400) የሚለውን ይዩ፣ አልትራቫዮሌትን ያስቀራል ማለት ነው፤ አስፋልት ዳር የሚሸጠው ብዙው ጥቁር መስታወት ብቻ ነው። ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ ጠንካራ ነው፤ በጥላ የሚሠራ ሥራ ካለ ለዚያ ሰዓት ያቆዩት። ኖራ ወይም ሲሚንቶ ዓይን ውስጥ ከገባ አይሹት፣ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ይጠቡትና ወደ ሐኪም ይሩጡ። ጨቅላ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የማለዳ ፀሐይ ማሞቁን አትተዉ፤ እኔ የምለው ስለ ቀትሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ከእርስዎ ይልቅ ባለቤትዎ አሳስባኛለች። እንጀራ ለሽያጭ የምትጋግር ሴት ምጣድ ፊት ብዙ ሰዓት ትቀመጣለች፣ ምጣዱ ደግሞ አንዴ ከጋለ መቀዝቀዝ ስለሌለበት ጭራሮው፣ ኩበቱ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ እየተጨመረ፣ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱም ጭሱም ፊቷ ላይ ነው። የአየር ብክለት ሲባል ሁሉም የሚያስበው የባጃጅና የአይሱዙ ጭስ ነው። እሱም ክፉ ነው፤ እንዲያውም የመኪና ጭስ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ እዚሁ መሬት ላይ ኦዞን ይፈጥራል፣ ላይ ሆኖ የሚጠብቀን ጋዝ እዚህ ወርዶ ሳንባ ያቃጥላል። የእሷ ብክለት ግን ጓዳዋ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ሳንባን ቀስ በቀስ ያደክማል፣ ለዓይን ሞራ ያጋልጣል፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አጠገቧ ከተቀመጠ ለሳንባ ምች የመጋለጡ ዕድል እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ከተቻለ እሱን የሚያህል የለም። መብራቱ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። ካልሆነ ሚርት ምድጃ እንጨትም ይቆጥባል፣ ጭስም ይቀንሳል። እርስዎ ግንበኛ አይደሉ? የማድ ቤቱን አንድ ጎን ይክፈቱላት፣ ከጣሪያው ሥርም ጭስ መውጫ ያብጁላት። እንጨቱ ይድረቅ። እሳት ለማቀጣጠል ፌስታል መጠቀም ይቅር፣ ጭሱ መርዝ ነው።

የዓይኗን ቅላት ደግሞ ለጭሱ ብቻ አልተውም። አካባቢያችን ትራኮማ የበዛበት ነው፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተገልብጦ እየቧጠጣት በወረንጦ እየነቀለች ከሆነ ቶሎ ትታይ። ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የአክታ ምርመራ ታድርግ። የቲቢ ምርመራም ሕክምናም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ሌሊት የሚያልባት፣ የከሳች፣ ወይም ዳገት ስትወጣ የሚያጥራት ከሆነ ደግሞ ሳምንት አይጠብቁ፣ ነገ ይውሰዷት።