የወታደር ኢሜይል በቀጭን መስመር እንዴት ይፈጥናል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጥያቄው ስለበዛብኝ የዛሬን ከሰዓት ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ሥራዬ የኢሜይል ሰርቨር ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ጋሼ፣ ኢሜይልን ከወታደር ምን አገናኘው?

መ፦ ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 የመጀመሪያውን የኔትወርክ ኢሜይል የላከው የአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ ባወጣበት፣ የኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት በሚባል የኮምፒውተር መረብ ላይ ነው። በ1983 የወታደሩ ክፍል ሚልኔት ተብሎ ተለየ።

ጥ፦ ያኔ የሚባክነው ምን ነበር?

መ፦ ቅጂው። ደብዳቤ በፋይል ማስተላለፊያው ይሄድ ስለነበር፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሃያ ተቀባይ ካለ ያው ጽሑፍ ሃያ ጊዜ ይላካል። አዘዞ ላሉ ሃያ ዘመዶች የሰርግ ጥሪ ለማድረስ ሃያ ጊዜ ተመላለስ እንደ ማለት ነው። በ1982 ጆን ፖስቴል የጻፈው ኤስኤምቲፒ፣ ማለትም ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበት ደንብ፣ ይህን አስቀረው፤ መጀመሪያ የተቀባዮቹ ስም ይነገራል፣ ጽሑፉ አንዴ ይሄዳል፣ እዚያው ይታደላል።

ጥ፦ መስመሩን ማስፋት አይሻልም? ከማራኪ።

መ፦ እህቴ፣ ሜዳ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የረጅም ርቀት ሬዲዮ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 2400 ቢት ሊሆን ይችላል። እስቲ እናስላ። አንድ የአማርኛ ፊደል፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ፣ 3 ባይት ይይዛል፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። 400 ፊደል 1200 ባይት ነው፤ በ4 ሰከንድ ያልቃል። ያንኑ ወረቀት ፎቶ አንስተሽ 3 ሜጋባይት ብታያይዢው፣ አባሪን ወደ ተራ ፊደላት የሚቀይረው ቤዝ64 ሦስቱን ባይት አራት ስለሚያደርገው 4 ሜጋባይት ይሆናል። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ!

በሲቪሉም ያው ነው። ባለፈው ክረምት እዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ኢሜይል ቆመ ተብዬ ተጠራሁ። ወረፋውን ስከፍት ፊት ላይ የተገተረው ስካን የተደረገ የስብሰባ ጥሪ ነው፤ ሦስት መስመር ጽሑፍ፣ የቀረው ማህተም። ጥሪውን በፊደል ጻፍኩት፤ አቦሉ ሳይቀዳ ደረሰ።

ጥ፦ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይከብዳል?

መ፦ ይከብዳል፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ኮትድ ፕሪንተብል የሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን የፊደላችንን ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጽፈው አንዷ «ሀ» 9 ባይት ትሆናለች። ላኪውም ተቀባዩም ሰርቨር 8ቢትማይምን፣ ማለትም ባይቱን ሳይቀይሩ እንዳለ የማሳለፍ ስምምነትን፣ ከተቀበሉ በ3 ባይቷ ታልፋለች። ሰርቨር የምታስተዳድሩ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ እዩት።

ጥ፦ አስቸኳዩ እንዴት ይቀድማል?

መ፦ የወታደር መልእክት የቅድሚያ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ወረፋው በደረሰበት ሰዓት ሳይሆን በደረጃው ይሄዳል።

ጥ፦ ተቀባዩ በሬዲዮ ምንም እንዳይልክ ከታዘዘስ?

መ፦ ተራ ኢሜይል በየእርምጃው «ደርሶኛል» የሚል መልስ ስለሚጠብቅ እዚህ ላይ ይቆማል። ለዚህ የተሠራው ኤሲፒ 142 የሚባል የወታደር መልእክት መላኪያ ደንብ መልስ ሳይጠብቅ ለብዙዎች አንዴ ይልካል። ተቀባዩ ዝም ብሎ ይሰበስባል፤ መናገር ሲፈቀድለት የጎደሉትን ቁርጥራጮች ቁጥር ብቻ ይልካል፣ እነሱ ብቻ ይደገሙለታል።