የዳታቤዝ አፕግሬድ ሲከሽፍ፦ ለወጣት ባለሙያዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በዳታቤዝ ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት አፕግሬድ ራሱ ካጠፋው ዳታ ይልቅ፣ አፕግሬዱ ከከሸፈ በኋላ በድንጋጤ በሰው እጅ የጠፋው በልጦ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለዚያች የድንጋጤ ሰዓት ነው። ምሳሌ የማደርገው ብዙዎቻችሁ በዴስክቶፕ ኮምፒውተራችሁ ላይ የጫናችሁትን ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ትጉህ ወጣት ማታ አዲሱን ቨርዥን ጭኖ ያድርና ጠዋት ዳታቤዙ አልነሣ ይለዋል። ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና ጫነው፤ አሁንም እምቢ ሲለው የዳታ ፎልደሩ የተበላሸ መስሎት አጠፋውና አዲስ ባዶ ፎልደር ፈጠረ። ያን ጊዜ ሰርቨሩ፣ ማለትም ዳታቤዙን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ተነሣ፤ ውስጡ ግን ከሠራቸው ቴብሎች አንድም አልነበረም። በኋላ ሰርቨሩ መልእክቶቹንና ስሕተቶቹን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ሎጉን፣ አብረን ስንከፍት ያገኘነው መልእክት አጭር ነበር፦ የዳታ ፎልደሩ የተፈጠረው በቨርዥን 12 ስለሆነ ከቨርዥን 13 ጋር አይስማማም። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ያንን መስመር ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፖስትግሬስ ዋናው ቨርዥን ሲቀየር ዳታው በዲስክ ላይ የሚቀመጥበት ውስጣዊ አሠራር ሊለወጥ ስለሚችል፣ አዲሱ ሰርቨር የቀድሞውን ፎልደር አልከፍትም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ቨርዥን 10 ወዲህ ዋናውን ቨርዥን የሚያመለክተው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው፤ ከ12.3 ወደ 12.4 መሄድ ፕሮግራሙን ከመተካት አያልፍም፣ ከ12 ወደ 13 መሄድ ግን ዳታውን ማሻገር ይጠይቃል። በዳታ ፎልደሩ ውስጥ ፒጂ ቨርዥን የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ብትከፍቱት ከአንድ ቁጥር በቀር ምንም አታገኙበትም። ሰርቨሩ ሲነሣ የሚያመሳክረው ይህንን ነው፤ እምቢታውም ዳታችሁን የሚጠብቅ እምቢታ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰርቨሩን አቁማችሁ የዳታ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱት። ሰርቨሩ እየሠራ የተቀዳ ፎልደር እምነት አይጣልበትምና መቆሙን አረጋግጡ። ከዚያ ሎጉን አንብቡ፤ መጨረሻ ላይ የሚታየው ስሕተት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ውጤት ስለሆነ ወደ ላይ ተመልሳችሁ መጀመሪያ የተጻፈውን ፈልጉ።

ቀጥሎ የቀድሞውን ቨርዥን መልሳችሁ ጫኑ፤ ሁለት ቨርዥኖች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ሲደነግጥ አይቻለሁ። ሰርቨሩን የምታገኙበት የመገናኛ ቁጥር ፖርት ይባላል፤ የተለመደው ፖርት 5432 በአንደኛው ከተያዘ ሌላኛው አብዛኛውን ጊዜ 5433 ላይ ይቀመጣል፤ እናንተም ሳታውቁት ከአዲሱ ባዶ ሰርቨር ጋር ትገናኙና ዳታው የጠፋ ይመስላችኋል። የፖርቱን ቁጥር ሳታዩ ጠፋ አትበሉ።

የቀድሞው ሰርቨር በቀድሞው ፎልደር ላይ ከተነሣ ዳታቤዞችን በሙሉ ወደ ፋይል የሚገለብጠውን የአዲሱን ቨርዥን ፒጂ ደምፕ ኦል ተጠቅማችሁ ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል አውጡና በአዲሱ ሰርቨር ላይ ጫኑት። ዳታው ትልቅ ከሆነ የዳታ ፎልደሩን በቀጥታ ወደ አዲሱ ቨርዥን የሚያሻግረው ፒጂ አፕግሬድ ይፈጥናል፤ አስቀድማችሁ ቼክ በሚለው አማራጭ አሂዱት። ዳታውን ሳይነካ የሁለቱ ሰርቨሮች የቋንቋ ቅንብር አለመመሳሰሉን ወይም በአዲሱ ላይ ያልተጫነ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) መኖሩን ይነግራችኋል። ሊንክ የሚለውን አማራጭ ግን ቅጂ ሳትይዙ አትጠቀሙ። ዲስክ ይቆጥባል፤ ሆኖም ፋይሎቹ ሳይቀዱ ሁለቱ ፎልደሮች እነዚያኑ ፋይሎች ስለሚጋሩ አዲሱ ሰርቨር አንዴ ከተነሣ በኋላ የቀድሞውን በሰላም ማስነሣት አይቻልም። ይህን የተማርኩት መመለሻ አጥቼ አንድ ሌሊት ሙሉ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ወደ ቨርዥን 17 ወይም ከዚያ በታች በፒጂ አፕግሬድ ካሻገራችሁ ደግሞ ሰርቨሩ ፈጣኑን የፍለጋ መንገድ የሚመርጥበት የቴብሎቹ ስታቲስቲክስ አብሮ አይሻገርም፤ አናላይዝ የሚለውን ትእዛዝ እስክታስኬዱ ድረስ ትናንት በቅጽበት ይመለስ የነበረ ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ይህንን እንደ ሌላ ብልሽት ቆጥራችሁ አዲስ ጥገና አትጀምሩ። የቀድሞውን ፎልደርም በአዲሱ ላይ የዘወትር ሥራችሁን ሠርታችሁ፣ የቴብሎቹን የረድፍ ብዛት አመሳክራችሁ፣ አዲስ ባክአፕም ወስዳችሁ መልሳችሁ በመጫን እስክትፈትኑት ድረስ ካለበት አታንሡት።