ቲማቲሜ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ

ክረምቱ ወጥቶ ችግኝ ወደ መደብ ሲዛወር፣ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከመቀስና ከማዳበሪያ አይርቁም። የዚህ ሳምንቶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ ቲማቲሜ ደረቴ ጋ ደርሷል፣ ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አበባ ግን የለውም። በየሳምንቱ አንድ እፍኝ ዩሪያ እሰጠዋለሁ። (ከአዳማ)

መልስ፦ እፍኝ! ዛሬውኑ ያቁሙ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉና ግንዱ ይፋፋል እንጂ አበባው ይዘገያል። አሁን ውሃ ብቻ ያጠጡትና ይታገሱት። ለሚቀጥለው ተከላ የጉድጓዱን አፈር በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ያዋህዱ፤ ችግኙ ሥር እስኪይዝ ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ዩሪያ ካስፈለገ የማይሞላ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ እሱም ከግንዱ ግማሽ ስንዝር ራቅ ተደርጎ፣ ውሃ ይከተለው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ «በጎን የሚወጣውን ቅርንጫፍ ቁረጪው» ትለኛለች። ልቁረጠው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዘሩ ሮማ ከሆነ አይንኩት። ሮማ አጭር ቁጥቋጦ ነው፤ አብዛኛውን ፍሬ የሚይዘው በእነዚያው የጎን ቅርንጫፎች ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ በተከልኩ ጊዜ ስምንት እግር ሮማ ላጭቼ፣ ከአንዱ እግር አምስት ፍሬ እንኳ አልለቀምኩም።

እንጨት ተደግፎ ሽቅብ የሚያድገው ዓይነት ከሆነ ግን ጎረቤትዎ እውነቷን ነው። ግንዱና ቅጠሉ የሚገናኙበት ብብት ውስጥ የምትወጣዋን ቡቃያ፣ ከጣት ሳትረዝም ቀንጥሷት። መቀስ አያስፈልግም። ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ቢሆን ቁስሉ ቶሎ ይደርቃል። የአበባው ዘለላ ከብብት ሳይሆን ከግንዱ ላይ፣ በሁለት ቅጠሎች መካከል ነው የሚወጣው፤ አሳስተው እሱን እንዳይቀነጥሱ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ተክሉን ሳይነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆ ቫይረስ ወደ ቲማቲምም ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አፈር የሚነኩትን ቆርጠው ያንሱ። ውሃውንም ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ያጠጡ፤ ቅጠሉ ሲረጥብ ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ ይወደዋል።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ በጀሪካን የተከልኩት የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። የእንቁላል ቅርፊት ልጨምር?

መልስ፦ ቅርፊቱ ለመበስበስ ጊዜ ይወስዳል፤ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ነው፦ ሦስት ቀን ረስተውት በአራተኛው ሲያጥለቀልቁት ካልሲየሙ ፍሬው ጋ በአግባቡ አይደርስም። ጀሪካን ቶሎ ይደርቃል፤ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ከተው ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፣ ላዩንም በደረቅ ሣር ይሸፍኑት። የጠቆረውን ፍሬ ቆርጠው ይጣሉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ንጹህ ሊሆን ይችላል።