ጅማ ውስጥ አሮጌ ምንሽር ፈላጊው ወንድሜ፣ እኔ የከፈልኩትን አትክፈል

ሰላም ወንድም። «ለየካቲት 23 ትርኢት ረከስ ያለ አሮጌ ምንሽር ወይም ውጅግራ ጠመንጃ፣ ባይተኩስም ግድ የለም፣ ጅማ ውስጥ የት አገኛለሁ?» ያልከውን ሳነብ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔው የጻፍኩት መሰለኝ። አንተም እንደኔ የተማሪዎች ክበብ ይዘህ፣ በጀትህም የተዋጣ ብር ሳይሆን አይቀርም። ቁጭ ብዬ ልንገርህ።

1. «ባይተኩስም» የምትለዋን ቃል እርሳት። እኔን ያስበላችኝ እሷ ናት። አንድ ደላላ መርካቶ አካባቢ ቡና ጋብዞኝ፣ «ከአያቱ የወረሰ ሰው አለ፣ ዝጋለች፣ ከጌጥ ሌላ ለምንም አትሆን» አለኝ። 15 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። ዕቃዋ እውነትም ውጅግራ ነበረች፤ መቀርቀሪያዋ የለም፣ አፈሙዟ ውስጥ ሸረሪት አድርቶበታል። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ጫንኳት። ኬላ ስንደርስ ፈታሹ ማዳበሪያውን ዳበስ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ለትምህርት ቤት ትርኢት ናት፣ አትተኩስም» አልኩት። (በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ጋሼ ራሱ ነው የሚመጣው።) «መተኮስ አለመተኮሷን የምትወስነው አንተ ነህ?» አለኝ። ታስሬ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ 1177/2012 እንደሚያስጠይቅ የተረዳሁት እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ዕቃዋም ቀረች፣ ቀብዱም ቀረ፣ ባለ ባጃጁ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

2. «ፈቃድ ካለው ሰው እዋሳለሁ» እንዳትል። ፈቃዱ የሚሠራው ለተሰጠው ሰው ነው እንጂ ለተዋሰው አይደለም። እኔ ደግሞ ከተለቀቅኩ በኋላ በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ብዬ፣ ነገሩ የታሪክ ነውና የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብዬ አንድ ቢሮ ገባሁ። «መሣሪያ ከሆነ የእኛ አይደለም» አሉኝ። ወደ ሌላው ስሄድ «ቅርስ ከሆነ የእኛ አይደለም»። አራት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ድራማ ካማረህ ቤትህ ቴሌቪዥን የለም?» አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ደብዳቤዬን አጥፌ ወጣሁ። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

3. ከእንጨት አሠራት። ጅማ ተቀምጦ እንጨት ሠሪ አጣሁ ማለት ቡና አጣሁ እንደማለት ነው። ለበርጩማና ለአልጋ የሚሆነው ዋንዛ ለሰደፍም ይሆናል። የውጅግራ ርዝመት 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፣ በዚያው አሠራ። ለአፈሙዙ ባለ ግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ በቂ ነው፤ ጫፉን ግን በብየዳ አስደፍነው፣ ማንም ምንም እንዳይጨምርበት። ለመቀርቀሪያው እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ፦ ከብረታ ብረት ሱቅ የበር መቀርቀሪያ ገዝቼ ጎኑ ላይ አስገጠምኩ። ልጁ ሳብ አድርጎ ሲመልሰው ቀጭ ይላል፤ ከመድረክ ፊት የተቀመጠ ሰው ይደነግጣል።

ስትሠራ ታሪኩን አታበላሽ። ውጅግራ አንድ ጥይት እየጎረሰ ነው የሚተኩሰው፤ ስለዚህ ከሆዱ ሥር የጥይት ካዝና አትለጥፍበት። ቤልጅግ የሚባለው ጠመንጃ ደግሞ ለዓድዋ አይሆንም፣ እሱ የማይጨው ዘመን ነው፤ ለሚያዝያ 27 አስቀምጠው። ባለፈው ዓመት በአንድ ዝግጅት ላይ የምኒልክ ወታደር ክላሽ የሚመስል ነገር አንግቶ አይቼ ወጥቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ክላሽ ከዓድዋ ሃምሳ ዓመት በኋላ የተሠራ ነው እኮ!

እንጨት ነው ብለህ ግን ዝም ብለህ አደባባይ እንዳትወጣ። እኛ ቀድመን ለፖሊስ በጽሑፍ አሳውቀን፣ ያሠራናቸውን ስድስት የእንጨት ጠመንጃዎች ወስደን አሳየናቸው። ያ የኬላው ፈታሽ ባይሆንም አንዱ አንስቶ መቀርቀሪያውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ሳቀ።

ከትርኢቱ በኋላ አባታቸው አርበኛ የነበሩ አንድ አባት አንዷን ተቀበሉኝ። ትከሻቸው ላይ አስደግፈው አነጣጠሩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ መልሰው ሰጡኝና «መልኳ ደህና ነው፤ ቀለለች» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ዋናዋ ከአራት ኪሎ በላይ ትመዝናለች። በማግስቱ የስድስቱንም ሰደፍ አስቦርቡሬ ቁራጭ ፌሮ ከተትኩባቸው። ልጆቹ ትከሻችን አመመን እያሉ ያማርራሉ።

አናጺውን ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አገናኝሃለሁ። ዋንዛውን ግን ራስህ ደረቁን መርጠህ ግዛ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እርጥብ ስለነበሩ በክረምቱ ጠመሙብኝ።