የጉቶ ላይ እንጉዳይ ለዛፍ ወይስ ለዳክዬ ይቀርባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ከቆየ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ እንደ ቆዳ የጠነከረ፣ ቀለሙ በቀለበት በቀለበት የተደረደረ እንጉዳይ በቅሏል። ልጄ፣ ይህ እንጉዳይ ከዛፉ ይልቅ ገፈርሳ ላይ ለምናያቸው ዳክዬዎች በዘር ይቀርባል ብለው አስተማሪዋ እንደነገሯት አጫወተችኝ። ለማመን ተቸግሬአለሁና ብታብራሩልኝ። (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አስተማሪዋ ልክ ናቸው። እርስዎም ቢጠራጠሩ አይፈረድብዎትም፤ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1753 እንጉዳዮችን ከዕፅዋት ጋር መድቧቸው ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊታከር እ.ኤ.አ. በ1969 ራሳቸውን የቻሉ ክፍል አደረጋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተሙ የዘረ መል ንጽጽሮች ደግሞ ፈንገሶች (እንጉዳይና ወገኖቹ) እና እንስሳት ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን አመለከቱ።

የጋራ ቅድመ አያታቸው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ ከኋላው ባለች አንዲት ጭራ እየተገፋ የሚዋኝ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር እንደነበረ ይታመናል። ያቺ ጭራ ዛሬም በወንዱ ዳክዬ የዘር ሕዋስና በአንዳንድ የውኃ ፈንገሶች ዘር ላይ ትታያለች፤ የእርስዎ እንጉዳይ ወገኖች ግን ከብዙ ዘመን በፊት አጥተዋታል። ዛፍ ትርፍ ምግቡን በስታርች መልክ ሲያስቀምጥ፣ እንጉዳዩም ዳክዬውም የሚያስቀምጡት ግላይኮጅን በሚባል የስኳር ክምችት መልክ ነው። የእንጉዳዩ የሕዋስ ግድግዳ እንኳ የሚጠነክረው ካይቲን በሚባል ጠንካራ ነገር ሲሆን፣ ይህ ዳክዬው ለቅሞ የሚበላቸው ነፍሳት ቅርፊት የተሠራበት ነገር ነው።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው በአመጋገባቸው ነው። በገፈርሳ የሚታየው ባለ ቢጫ ምንቃር ዳክዬ አንገቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ዘርና ነፍሳት ከዋጠ በኋላ ምግቡን በሆዱ ሲፈጭ፣ እንጉዳዩ ግን ኢንዛይሙን ወደ እንጨቱ አፍስሶ ከውጭ ካሟሟው በኋላ ይመጠዋል። እንዲህ ካሉት እንጉዳዮች አንዳንዶቹ፣ እንጨትን እንጨት የሚያሰኘውንና ከብዙ ሕያዋን አቅም በላይ የሆነውን ሊግኒን ሳይቀር ያፈርሱታል፤ ጉቶው እየነጣና እየለሰለሰ ከሄደ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከላይ የሚታየው ፍሬው ብቻ ስለሆነ ፍቀው ቢጥሉትም፣ ዋናው አካል በእንጨቱ ውስጥ እንደ ክር ተሰራጭቶ ሥራውን ይቀጥላል። (ለመብላት ግን አይሞክሩት፤ ዝርያው በመልክ ብቻ አይለይም።) ልጅዎ በማጉያ መነጽር ከሥሩ ብታየው፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካገኘች ዘሩ የሚረግፈው በእነዚያ በኩል ነው።