ፖርቶ ላይ ቤት ስንከራይ

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ልሄድ ነው። የኪራይ ማስታወቂያዎቹ «ቲ 0»፣ «ቲ 1» ይላሉ፤ ምን ማለት ነው? ምንስ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቁጥሩ የመኝታ ክፍል ብዛት ነው፤ ሳሎን አይቆጠርም። ቲ 0 ስቱዲዮ፣ ቲ 1 ባለ አንድ መኝታ ነው። አስቀድመው «ኒፍ» የሚባለውን የግብር መለያ ቁጥር ያውጡ። በሕጉ መሠረት አከራይ ከ2 ወር የበለጠ ቅድሚያ ኪራይም ሆነ ከ2 ወር የበለጠ መያዣ መጠየቅ አይችልም። ውሉ በግብር መሥሪያ ቤቱ መመዝገቡንም ይጠይቁ።

ዋናው ጣጣ ግን እርጥበት ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ማዕከላዊ ማሞቂያ የላቸውም፤ የቅዝቃዜው ወራት ደግሞ ዝናባማ ናቸው። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርገው ከጀርባው ይዩ፣ ያሽትቱም። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ይጠርጥሩ፤ ሻጋታ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

የመብራት ውሉ የስንት ኃይል እንደሆነም ይጠይቁ። 3.45 ኪሎ ቮልት አምፔር ከሆነ፣ ባለ 2 ኪሎ ዋት ማሞቂያና ባለ 2 ኪሎ ዋት ምድጃ አንድ ላይ ሲሠሩ መብራቱ ድርግም ይላል። ብልሽት አይደለም፤ ከውሉ በላይ ስለተጠቀሙ ነው። ወደ 6.9 ማሳደግ ይቻላል፤ የቋሚ ክፍያው ግን አብሮ ይጨምራል።