ማይክሮስኮፕ ፊት ለተቀመጣችሁ ልጆቼ

ጎንደር ውስጥ ላቦራቶሪ ሠርቼ፣ አስተምሬም ነው ጡረታ የወጣሁት። ብዙዎቻችሁ ስላይዱን አይታችሁ «ግራም ፖዘቲቭ፣ ኮክሲ» (በግራም ቀለም ወይን ጠጅ የሆነ፣ ክብ ባክቴሪያ) ብላችሁ ትጽፉና ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ሥራው ያጣድፋል፣ ይገባኛል። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፤ ይሄኛው ባክቴሪያ ክብ፣ ያኛው ዘንግ የሆነው በምንድን ነው?

መልሱ በአብዛኛው የባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ነው። ወይን ጠጅ ቀለሙን የያዘላችሁም ወፍራሙ ግድግዳ ነው። ፔፕቲዶግላይካን ይባላል፤ በአጫጭር የአሚኖ አሲድ ድልድዮች የተያያዙ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። የእናቶቻችሁን ሞሰብ አስቡ። ስንደዶው ዙሪያውን ይዞራል፣ አክርማው ዙሩን ከዙር ይሰፋል። በዘንጉ ባክቴሪያም ሰንሰለቶቹ በአብዛኛው ወገቡን ይዞራሉ። ግድግዳውን የሚሰፉትን ኢንዛይሞች የሚመራ ኤም አር ኢ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ከጠፋ ዘንጉ ያብጥና ይድቦለቦላል። ክቡ ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ይህ ፕሮቲን ከነጭራሹ የለውም፤ ግድግዳውን በዋናነት የሚሠራው ለሁለት በሚከፈልበት መሃል ላይ ነው።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ባክቴሪያው ለማደግ የራሱን ግድግዳ መቁረጥ አለበት። ውስጡ ደግሞ በግፊት ተወጥሯል። የአንጀት ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ይከፈላል። በዚያች ጊዜ ይቆርጣል፣ አዲስ ያስገባል፣ ይሰፋል፤ አይፈነዳም! ፔኒሲሊን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የሚሰፋውን ኢንዛይም ጠፍሮ ይይዘዋል፤ ቆራጮቹ ግን ሥራቸውን አያቆሙም። ግድግዳው ይሳሳል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የእኛ ሴል ይህ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ እኛን አልፎ እሱን ይገድላል።

ለሁሉም ቅርጽ ግን ግድግዳው ብቻውን አይበቃም። የሚያገረሽ ትኩሳት ያለበትን ሰው ደም ስታዩ ቦሬሊያ የሚባል የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ታገኛላችሁ። መዥገር የሚያስተላልፈውን የላይም በሽታ በሚያመጣው ዘመዱ ላይ እንደታየው፣ ጥምዝምዙ የሚመጣው ከውጭው ሽፋን ሥር ከተጠቀለሉት የመዋኛ ክሮች ነው። ክሮቹ ሲጠፉ ባክቴሪያው ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥማችሁ ቶሎ አትለፉት። ደብተራችሁ ላይ ሳሉት፤ የገረማችሁን ከሥሩ ጻፉ።

ይህን ማወቅ ከማይክሮስኮፑ ውጭም ይጠቅማችኋል። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው አሞክሲሲሊን አይሠራበትም። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶችም የላቸውም። አንዲት እናት ጉንፋን የያዘው ልጇን አቅፋ «አሞክሲሲሊን ለምን አይታዘዝለትም?» ካለቻችሁ አትቆጧት። መድኃኒቱ የሚያፈርሰው ግድግዳ በልጇ ጉንፋን ውስጥ እንደሌለ በቀላሉ አስረዷት።